የ79 ዓመቱ አባባ ወደ ሜዮ መመለስ ይፈልጋሉ፤ ከየት ልጀምር?

የካምደኗ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለንደን ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከምሄድባቸው ቤቶች አንዱ የአንድ አየርላንዳዊ ሽማግሌ ቤት ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ስም ስጠራቸው ቅር ይላቸዋል።

አባባ አየርላንድ ካለችው ሜዮ አውራጃ የወጡት በ17 ዓመታቸው ነው። በመርከብ ሆሊሄድ ወደብ ወረዱ፣ በባቡር ለንደን፣ ዩስተን ጣቢያ ደረሱ፣ በሦስተኛው ቀን አካፋ ያዙ። ቪክቶሪያ ላይን የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ሲቆፈር ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ዛሬ ጉልበታቸው አልቋል፤ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አላገቡም፣ ልጅም የላቸውም። እህታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆነ።

ባለፈው ማክሰኞ ቁርስ ሳቀርብ «ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አለ፣ አውጪልኝ» አሉኝ። ውስጡ የጥምቀት ወረቀት፣ ሁለት ፎቶ፣ ጊዜው ያለፈ ፓስፖርት፣ ከዚያ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥቁር ነገር። ስፈታው አፈር ነው፤ የደረቀ፣ እጅ ላይ የማይከብድ፣ ጠርዙ የሚፈረፈር፣ ልክ እንደኛ ኩበት። ከረግረግ ቆርጠው፣ በነፋስ አድርቀው የሚያነዱት ነው። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩና «አገሬ መግባት እፈልጋለሁ» አሉኝ። ለጉብኝት መስሎኝ ነበር። ለመኖር ነው።

የሚኖሩት የአካባቢው ምክር ቤት በሚያከራየው የካውንስል ቤት ነው። ጡረታቸው ትንሽ ስለሆነች መንግሥት ገቢው ላነሰ ጡረተኛ በሚሰጠው ፔንሽን ክሬዲት ትደጎማለች። እዚያ ቤት የላቸውም፤ የቤተሰቡ መሬትም ከተሸጠ ቆይቷል። በዚህ ዕድሜ የሚመለስ ሰው የሚረዳ አካል አየርላንድ ውስጥ አለ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሊፊ ዳር (ደብሊን)

እህቴ፣ አለ። ደብሊን ስኖር 14 ዓመቴ ነው፤ በበጎ ፈቃድ ከተመላሾች ጋር እየተቀመጥኩ ፎርም ሞልቻለሁ፣ ስለዚህ በእጄ የነካሁትን ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ የምትደውዪው ሴፍ ሆም አየርላንድ ለሚባለው ነው። ቢሮው እዚያው ሜዮ፣ መልራኒ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ነው። በ2000 ያቋቋሙት የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ጄሪ ካውሊ ናቸው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሥራው አየርላንድ ተወልደው ውጭ አገር ያረጁ፣ በራሳቸው ገንዘብ ቤት መግዛት የማይችሉ ሰዎች አገራቸው ላይ የአረጋውያን ቤት እንዲያገኙ መርዳት ነው። ድርጅቱ የራሱን ቤት አያከራይም። ቤት ላላቸው የበጎ አድራጎት ማኅበራትና ለአካባቢ ምክር ቤቶች የሚቀርበውን ማመልከቻ አብሯቸው ያዘጋጃል፣ ይከታተላል። ወረፋ ስላለ ዛሬ ተደውሎ ነገ ቤት አይገኝም፤ ይህን ለአባባ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሁለተኛው ደብሊን ያለው ክሮስኬር ነው፤ የካቶሊክ ሀገረ ስብከቱ የማኅበራዊ አገልግሎት ክንፍ። ለሚወጣም፣ ለሚመለስም፣ እንደኛ ለመጣም ሰው በነፃ ምክር ይሰጣል። ለአንቺ ደግሞ እዚያው ካምደን ስኩዌር ላይ ለንደን አይሪሽ ሴንተር አለልሽ፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሩ ክፍት ነው። አባባን በታክሲ ይዘሽ ሂጂ። አማካሪ ባያገኙ እንኳ የአገራቸውን ሰው አይተው፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እዚያ የሚገቡበት ቤት በጽሑፍ ሳይረጋገጥ የለንደኑን ቤት ቁልፍ እንዳይመልሱ። ፔንሽን ክሬዲት ከብሪታንያ ጠቅልሎ የወጣን ሰው አይከተለውም፣ ይቋረጣል። መደበኛው የብሪታንያ ጡረታ ግን አየርላንድ ድረስ ይከፈላቸዋል፤ በየዓመቱ የሚጨመረውም አይቀርባቸውም። የጎደለውን ለመሙላት እዚህ ገቢው ላነሰ አረጋዊ የሚሰጠውን ጡረታ ማመልከት ይኖርባቸዋል፤ እሱ ላይ ደግሞ «ሃቢችዋል ሬዚደንስ» የሚባል መመዘኛ አለ። ኑሮህ በእርግጥ እዚህ ነው ወይ ብለው የሚጠይቁበት ነው። የጀመረው 1 ሜይ 2004 ነው፤ አሥር አዳዲስ አገሮች የአውሮፓ ኅብረት የገቡበት ቀን። ለመጤ ታስቦ ወጣ፣ የራሳቸውን ልጆችም ያዘ።

አምስት ነገር ያያሉ፦ አገር ውስጥ የቆዩበትን ጊዜ፣ ከአገር የራቁበትን ርዝመትና ምክንያት፣ የሥራ ሁኔታን፣ የኑሮ ማዕከሉ የት እንደሆነ፣ የወደፊት ሐሳብን። ስለዚህ የመሄጃ ብቻ የሆነው ቲኬት፣ የለንደኑ ቤት የተለቀቀበት ደብዳቤ፣ የዕቃ ማጓጓዣ ደረሰኝ፣ አንዲቱም እንዳትጣል። እናታቸውን ለማስታመም ከአውስትራሊያ ጠቅልለው የመጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ለአስታማሚ የሚሰጠውን አበል ሲጠይቁ «መቆየትዎን አላረጋገጡም» ተብለው ተከለከሉ። ምክንያቱ እዚያ ሳይዘጉት የቀረ የባንክ ሂሳብ ነው። ይግባኝ ብለው አሸነፉ፤ ግን እናትየው ከውሳኔው በፊት አረፉ። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አዲስ ልጅ (አዲስ አበባ)

ተባረክ ወንድሜ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እንዲህ ያለ አገልግሎት ያቆሙት አገሪቱ ሀብታም ስለሆነች ነው አይደል? ደሃ አገር ለተሰደደበት ሰው ይህን ማድረግ የሚችል አይመስለኝም።

መምህር ዘሊድስ

ልጄ፣ በሀብት የተጀመረ አይደለም። እኔ ሊድስ 30 ዓመት ስኖር ጎረቤቶቼ አየርላንዶች ነበሩ፤ አብሬአቸው ለቅሶም ሠርግም ውያለሁ።

የ1840ዎቹን ረሀብ ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን የሚበልጠው 1950ዎቹ ናቸው። በዚያ አሥር ዓመት ብቻ ወደ 400,000 ሰው ወጣ። በ1961 ሲቆጠር የሪፐብሊኩ ሕዝብ 2.8 ሚሊዮን ነበር፤ በቆጠራ ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ አንሶ አልተገኘም። የወጡት ልጆች በየሳምንቱ በፖስታ ገንዘብ ይልኩ ነበር። ታናናሾቹ የተማሩት፣ የቤቱ ጣሪያ የተቀየረው፣ ላሟ የተገዛችው በዚያ ነው። ይህን ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሁላችንም ቤት አንድ ላኪ አለ።

እዚህ ብሪታንያ ግን ብዙዎቹ የሠሩት «ላምፕ» በሚባለው መንገድ ነው፦ የቀን ደሞዝ በእጅ፣ ስም የለ፣ ለጡረታ የሚቆጠረው የመድን ስታምፕ የለ። ጎህ ሲቀድ ካምደን ታውንና ክሪክልውድ መንገድ ዳር ይሰለፋሉ፤ ቫኑ ይቆማል፣ ያሻውን ጭኖ ይሄዳል። ቼክ የተከፈለው ደግሞ የባንክ ሂሳብ ስለሌለው መጠጥ ቤት ሄዶ ይመነዝራል፣ ግማሹም እዚያው ይቀራል። ሰውየው 65 ሲሞላው መዝገብ ላይ ሲፈለግ የ40 ዓመት ሥራው የለም። የካምደኗ፣ የአባባሽ ጡረታ ያነሰችው ለዚህ ይመስለኛል። ካምደን ያለው፣ በ1905 የተከፈተው አርሊንግተን ሀውስ በእንዲህ ያሉ ሰዎች ተሞልቶ የኖረ የነጠላ አልጋ ቤት ነው።

ታዲያ ማን ደረሰላቸው? መንግሥት አልነበረም። በ1957 የአየርላንድ ጳጳሳት ለስደተኞች ካህናት መድበው ላኩ፤ ካህናቱ አልጋ ፈለጉ፣ ሥራ አገናኙ፣ ሆስፒታል ጠየቁ። ያው የጳጳሳቱ ምክር ቤት በ1985 ውጭ አገር ለታሰሩ አየርላንዳውያን የሚቆም ክፍል ከፈተ፤ እስከ ዛሬ እስረኛን ይጠይቃል፣ ቤተሰቡንም ይደግፋል። መንግሥት ትንሽ ገንዘብ ማውጣት የጀመረው በ1984 ነው፤ ዲዮን በሚባል ኮሚቴ በኩል፣ ለብሪታንያ ብቻ። ዲዮን በቋንቋቸው ጣሪያ፣ መጠለያ ማለት ነው።

በ1990 ሜሪ ሮቢንሰን ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በቤተ መንግሥቱ ኩሽና መስኮት ላይ ለተሰደደው ሁሉ መብራት አበሩ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ይህን በቴሌቪዥን አይተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሰው መታሰቡን ይፈልጋል። ገንዘቡ ግን ገና ነበር። በ2002 መንግሥት ያቋቋመው ግብረ ኃይል ሪፖርቱን አቀረበ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በ2003 መጨረሻ የአየርላንድ ቴሌቪዥን እዚህ በየጠባቡ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩትን ሽማግሌዎች አሳየ፤ አገሩ በኀፍረት ተናወጠ። በ2004 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ስደተኞቹን የሚደግፈውን የኤሚግራንት ሰፖርት ፕሮግራም ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቷል። ገንዘቡ በግለሰብ እጅ አይገባም፤ ለማኅበራቱ፣ ለምሳ ቤቶቹ፣ ለአማካሪዎቹ ደሞዝ ነው። ሊፊ ዳር የጠራቸው ድርጅቶችም ከዚያ ይደገፋሉ።

ስለዚህ ልጄ፣ ድሆች ሳሉ ሕዝቡ ራሱ ያቆመውን ነው መንግሥት ሀብታም ሲሆን የደገፈው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

አዲስ ልጅ

መምህር፣ አመሰግናለሁ። ይህን አላውቅም ነበር።

ቦስተን 98

መምህር ገንዘብ አነሡ፤ እኔ ዲቪን ላንሳ፤ ከኛ ጋር የሚያገናኘን እሱ ነውና። እኔ በዲቪ ነው የመጣሁት። እዚህ ዶርቼስተር ውስጥ መጀመሪያ ወረቀቴን ያስተካከሉልኝ አየርላንዶች ያቋቋሙት የስደተኞች ማዕከል ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ለምን ትረዱኛላችሁ ብዬ ስጠይቅ ታሪኩን ነገሩኝ።

በ1980ዎቹ ሥራ ጠፍቶ አሜሪካ የገቡት ወጣት አየርላንዶች አብዛኞቹ ወረቀት አልነበራቸውም። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የቅርብ ዘመድ ለሌለው በሩን ስላጠበበው ነው። ማኅበር አቋቁመው ምክር ቤቱን ወተወቱ። መጀመሪያ የማሳቹሴትሱ ዶኔሊ፣ ቀጥሎ የኮነቲከቱ ሞሪሰን በስማቸው የሚጠሩ ቪዛዎች አስወጡ። የሞሪሰኑ በዓመት 40,000 ሆኖ ለሦስት ዓመት ነበር፤ ከዚያ 16,000ው በየዓመቱ ለአየርላንድ የተጠበቀ ነው። ያንን የወለደው የ1990 ሕግ ነው በ1995 ዛሬ የምናውቀውን ዲቪ ያስጀመረው። ስንቱ ኢትዮጵያዊ ፖስታ ቤት ተሰልፎ ፎርም የላከበት መንገድ መነሻው የእነሱ ውትወታ ነው።

ወረቀት ያላገኙት ግን ዛሬም አሉ፤ የአየርላንድ መንግሥት ወደ 10,000 ይገምታቸዋል። በ1996ቱ ሕግ መሠረት ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ወረቀት ቆይቶ የወጣ ሰው አሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። አብሮኝ ቀለም ይቀባ የነበረ አንድ ሰው የእናቱን ቀብር ያየው በስልክ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ መሰላሉ ሥር ተቀምጦ፣ የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በቀጥታ ሥርጭት ሲከታተል አጠገቡ ነበርኩ። ሬሳ ሣጥኑን ወንድሞቹ ሲሸከሙ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና «በግራ በኩል ያለው ቦታ የኔ ነበር» አለኝ።

የኮርክ ምራት

ሰላም ሁላችሁም። ባለቤቴ አየርላንዳዊ ነው፤ ቺካጎ ተገናኝተን፣ ሁለት ልጅ ወልደን ኮርክ ተመለስን። ስለ ሽማግሌዎች ብዙ አላውቅም፤ ወጣት ተመላሽም እንደሚቸገር ግን ልናገር።

መኪና ላይ ነው የተንገላታነው። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይቀየርም፤ የአውስትራሊያ ይቀየራል፣ የካናዳ እንደ ክፍለ ሀገሩ ነው። 18 ዓመት ያሽከረከረ ሰው እንደ ጀማሪ ተማሪ ሆኖ ቲዎሪ ተፈተነ። ጀማሪ የሚወስደው 12 ትምህርት የውጭ መንጃ ፈቃድ ላለው ወደ 6 ይቀነሳል፤ ይህን ሳናውቅ ለ12 ልንከፍል ነበር። ኢንሹራንሱም ያለ አደጋ የነዳባቸውን ዓመታት አልቆጥርም አለን፤ ሦስት ቦታ ዞረን ነው የተሻለ ያገኘነው። በ2018 መንግሥት የተመላሾችን ችግር ያስጠናበት ሪፖርት ይህንኑ ጽፎታል፤ እኛ ብቻ አይደለንም። የምትመለሱ ከወጣችሁበት አገር ኢንሹራንስ የጽሑፍ ማስረጃ ይዛችሁ ውጡ።

ሌላው የትዳር ጓደኛ ጉዳይ ነው። አየርላንዳዊ ማግባት ብቻውን የመኖሪያ ፈቃድ አይሆንም። እኔ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለነበርኩ አስቀድሜ ቪዛ ጠየቅኩ፤ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ተመዝግቤ ስታምፕ 4 የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አወጣሁ። እሱ ብቻ ቀድሞ ገብቶ ሥራና ቤት ቢይዝ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኛ አብረን ገብተን አማቴ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት አሥር ወር ኖርን። አማቴ አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ሲስተር ማንቸስተር

የካምደኗ፣ ልፋትሽን እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ። 22 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ብዙ አየርላንዳዊ አረጋዊ አስታምሜያለሁ። ሁለት ነገር ልጨምርልሽ።

አንደኛ፣ ስለ ልጅነት ስትጠይቂያቸው በቀስታ ይሁን። ከዚያ ትውልድ አንዳንዶቹ ያደጉት በቤተሰብ እጅ አይደለም፤ ያለ ጋብቻ የወለዱ እናቶችና ልጆቻቸው በሚዘጉበት ቤት፣ ወይም ክፉ በተሠራበት የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ወደ እንግሊዝ የመጡትም ለመሸሽ ነው። ፎርሙ ላይ «የልጅነት አድራሻ» የሚለውን ሲያዩ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እንዲህ ካለባቸው ለንደን ውስጥ አይካፕ የሚባል፣ ለአየርላንዳውያን ተብሎ በ1996 የተቋቋመ የሥነ ልቦና ምክር አለ። የእናቶችና ሕፃናት ቤቶቹን ካሣ በተመለከተ በማርች 2024 ማመልከቻ ተከፍቷል፤ ውጭ ያሉትም ይችላሉ። ግን የብሪታንያ ድጎማ የሚያገኝ ሰው ሳይማከር ገንዘቡን አይቀበል፤ እንደ ቁጠባ ተቆጥሮ ድጎማውን ሊያስቀንስበት ይችላል።

ሁለተኛ፣ አይቆጡኝና፣ ሁሉም ሰው መመለስ አለበት ብዬ አላምንም። በ17 ዓመቱ የተወው መንደር በ79 ዓመቱ አይጠብቀውም። የሚያውቁት ሰው መቃብር ነው ያለው። እዚህ ስንት ዓመት ሰላም የሚላቸው ባለ ሱቅ አለ፣ አንቺ አለሽ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ይሂዱ፤ በበጋ ግን አይሁን፤ በኖቬምበር፣ ዝናቡ ሲያወርድና በኛ 11 ሰዓት ገደማ ሲጨልም። አውቶቡሱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ፣ ሐኪሙ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ይዩ። ያንን አይተው ከወደዱት ይግቡ።

ሊፊ ዳር

ሲስተር ልክ ነዎት። አንድ ብቻ ልጨምር፦ አውቶቡስን በተመለከተ፣ አየርላንድ በቋሚነት የሚኖር ሰው 66 ሲሞላው በሕዝብ ማመላለሻ በነፃ ይሄዳል። አውቶቡሱ በገጠር ጥቂት ነው፣ ያ እውነት ነው።

የካምደኗ

ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ስሮጥ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ካምደን ስኩዌር ይዣቸው ሄድኩ። ምሳ ላይ ከሜዮ የመጡ አንድ ሌላ አዛውንት አጠገባቸው ተቀመጡ፤ መንደር ለመንደር ሲጠያየቁ የአንዱ አጎት ለሌላው አባት በሬ ሸጦ ተገኘ። አባባ በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ንግግራቸው ፈጥኖ ግማሹ አልገባኝም።

ሲስተር፣ ያልሽውን በቀስታ ጠየቅኩ። እሳቸው ያደጉት ከወላጆቻቸው ጋር ነው። ዋሻ ውስጥ አብሯቸው ይሠራ የነበረ ጓደኛቸው ግን እንደዚያ ካለ ቤት የወጣ ነበር፤ ሌሊት ይጮህ ነበር አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

መምህር፣ የገመቱት ልክ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት መዝገብ ላይ የተገኘው ሦስቱ ነው።

ፎርሙን ከአማካሪዋ ጋር ሞላን። የትኛው አካባቢ ይሻልዎታል ስትላቸው «ባሕር የሚታይበት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የተሸጠው ማሳችን የሚታይበት ግን አይሁን» አሉ። እሷም እንዲሁ አድርጋ ጻፈችው።

አንድ ነገር ግን አስጨንቋቸዋል። «ወረፋው ሳይደርሰኝ እዚህ ብሞትስ?» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው?

ቦስተን 98

እህቴ፣ ለዚያም አላቸው። ኬቨን ቤል ትረስት የሚባል ኒውሪ ከተማ ያለ ድርጅት አለ። በ2013 ኒውዮርክ ላይ ልጃቸው በመኪና ተገጭቶ የሞተባቸው ቤተሰብ ናቸው ያቋቋሙት። ሬሳውን ለማምጣት ሕዝብ ያዋጣላቸው ከሚያስፈልገው ስለበለጠ የተረፈውን ለሌላ ሰው ሬሳ ማምጫ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ ከብዙ አገር ብዙ መቶ ሰው አስገብተዋል። እኛ በየከተማው በእድር የምናደርገውን ማለት ነው። ስማቸውን ጽፈሽ ለአማካሪዋ ስጫት፣ ለአባባም ንገሪያቸው።

የካምደኗ

ነገርኳቸው። ሁለቴ አስደገሙኝና «እንግዲያው መብላት እችላለሁ» ብለው ሾርባቸውን ጨረሱ።

በሲስተር ምክር ለኖቬምበር 9 የሁለት ሳምንት የደርሶ መልስ ቲኬት ቆርጠናል። ዜጎቻቸው በሁለቱ አገሮች መካከል ሲንቀሳቀሱ በሕግ ፓስፖርት ባያስፈልጋቸውም አየር መንገዱ መታወቂያ ስለሚጠይቅ አዲስ ፓስፖርት አመልክተናል፤ ፎቶውን እኔ ነኝ ከነጭ ግድግዳ ጋር አቁሜ ያነሣኋቸው። የእህታቸው ልጅ ሾነን ድረስ መጥታ ትቀበላቸዋለች። የለንደኑ ቤት ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚቆየው፤ ሊፊ ዳር፣ አደራህን ጠብቄያለሁ።

ሻንጣ ስናዘጋጅ ያቺን ጥቁር አፈር ልክተታት ወይ አልኳቸው። «እዚያ ሞልቷል፤ እሷ እዚሁ ትቆየኝ» አሉ። በጋዜጣዋ መልሼ ጠቅልዬ ቆርቆሮውን አልጋ ሥር አስገባሁት።